የሥጋ ቆራጩ ረቡዕ

ባንታየሁ ሥጋ ቆራጭ ነው። ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ፣ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ከመስታወቱ ኋላ ይቆማል። የተሰቀለውን ሥጋ ገና በዓይኑ ሲያየው የቱ ጋ ጮማ፣ የቱ ጋ ቀይ እንዳለ ያውቃል፤ ቢላው አንዴ ከገባ አያመነታም። ናይሮቢ ያለ ሐበሻ ቁርጥ ሲያምረው «ባንታየሁ አለ?» ብሎ ደውሎ ነው የሚመጣው። ላቪንግተን ግቢ ያላቸው ትልልቅ ነጋዴዎች እንኳ ድግስ ሲኖርባቸው መኪና ልከው ያስመጡታል። እጁ ወርቅ ነው። ዓይኑ ግን ክፉ ነው፤ ክፉ ሲባል ቡዳ ነው ለማለት አይደለም፤ ቀናተኛ ነው።

ቅናቱ ደግሞ ተራ ቅናት እንዳይመስላችሁ። ሚስቱ ጌጤ ፓርክላንድስ ካለው ቤታቸው ሥር ከሕንዱ ባለሱቅ ጋር በሽንኩርት ዋጋ ስትከራከር ይቀናል፤ ክርክሩ ረዘመ ይላል። ማታቱ ላይ ወያላው «ማማ፣ ጠጋ በይ» ካላት ይቀናል። ቄሱ መስቀል ሲያሳልሟት መስቀሉ ከእሷ ግንባር ላይ ትንሽ የቆየ ይመስለዋል። ጌጤ መልከ መልካም ናት፣ ዝምተኛ ናት፣ ቤት ውስጥ የሐበሻ ሴቶችን ሹሩባ እየሠራች የምትውል ናት። ወንድ የሚባል ደጃፏን አይረግጥም። ለባንታየሁ ግን ይኸው ራሱ አይበቃም ነበር።

ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል። የባንታየሁም ነገር ይኸው ነው።

ሥጋ ቆራጭ በጾም ቀን ሥራ የለውም። ረቡዕና ዓርብ መስታወቱ ባዶ ይውላል፤ ምግብ ቤቱ ሽሮና ምስር ነው የሚሸጠው። ታዲያ በእነዚህ ቀናት ባንታየሁ ጠዋት ተነሥቶ፣ ነጭ ነጠላውን አጣፍቶ፣ «ቅዳሴ ልሄድ ነው» ብሎ ይወጣል። የጾም ቀን ቅዳሴ ከሰዓት እንደሚያልቅ ማንም ያውቃል፤ ዘገየህ ተብሎ የሚጠየቅ የለም። እሱም ከቤቱ ራቅ ሲል ነጠላውን አጣጥፎ በፌስታል ይከትና ኢስሊ የሚሄደውን ማታቱ ይሳፈራል። ኢስሊ ጥሩሰው የምትባል ሴት አለችው። ከጥሩሰው ደግሞ ምርቃት የምትባል ሴት ልጅ አለችው። ልጅቷ ጭኑ ላይ ተቀምጣ በትንንሽ ጣቶቿ ታጎርሰዋለች፣ እሱም ያጎርሳታል፣ አፍንጫዋን በመሐረቡ ይጠርግላታል። ሽሮ በልቶ፣ ነጠላውን መልሶ አጣፍቶ ቤቱ ይገባል። ጾም ገድፎ አያውቅም። የገደፈው ሌላውን ነው።

ጌጤ ስለዚህ የምታውቀው አንድም ነገር አልነበረም። ባንታየሁም እንድታውቅ አይፈልግም ነበር፤ በዚህ ምድር ላይ የሚፈራው ነገር ቢኖር ጌጤንና ልጃቸውን ትንሣኤን ማጣት ነው። ሰው ግን የፈራውን ነገር በገዛ እጁ ይጠራዋል።

ነገሩ የመጣው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት ነው፤ አገሩ ከምርጫው ረብሻ በተረጋጋ ማግስት። ለሕፃናት የሳንባ ምች የሚሰጥ አዲስ ክትባት መጥቶ፣ አንድ የምርምር ቡድን በፓርክላንድስ የሚኖሩ ሕፃናትን እየመዘገበ ይከትብ ጀመር። ከክትባቱ በኋላ በየወሩ ሰው ይልካሉ፤ የተላከው ሰው ጫፉ ላይ ጥጥ ያለበት ቀጭን ዘንግ በልጁና በእናቲቱ አፍንጫ ውስጥ ዘልቆ አዙሮ ያወጣል፤ ያንን ወደ ላቦራቶሪ ይወስዳል። ጌጤ ትንሣኤን አስመዘገበች። ባንታየሁም ነፃ ሕክምና ነው ሲባል ደስ ብሎት እሺ አለ። ለሐበሻ ቤተሰቦች አማርኛ የሚችል ሰው ተመደበ። ሰውየው መቼ መቼ ነው የሚመጣው? በወር አንድ ረቡዕ።

ባንታየሁ ይህን የሰማው ከሕንፃው ጥበቃ ነው። ጥበቃው አንድ ቀን ሲገባ አስቁሞ፣ «ዳክታሪ አሁን ወጣ፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ የትንሣኤን እናት በጣም አሳቃት፤ ሳቋ እስከዚህ ይሰማ ነበር» አለው። ጥበቃው ደግ ነገር መናገሩ ነበር። ባንታየሁ ግን ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ። ጌጤ እንዲህ የሳቀችው ለማን ነው? ለእሱ የሳቀችበት ጊዜ ሩቅ ነው፤ ማስታወስ አቃተው።

ቤት ገብቶ ማሽተት ጀመረ። ሶፋው ላይ ሽቶ ሸተተው። ሁለት የሻይ ብርጭቆ ታጥቦ ተደፍቷል። ጌጤ የጆሮ ጌጧን አድርጋለች።

«ማን መጥቶ ነበር?»

«የክትባቱ ልጅ። ኤልናታን።»

«ኤልናታን!» አለ፤ ስሙ አፉ ውስጥ መረረው። «በስም ነው የምትጠሩት?»

«ታዲያ በምን ይጠሩታል?»

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልበረከተለትም። ሥጋ ሲቆርጥ ኤልናታንን ያያል፤ ሞረዱን ከቢላው ጋር ሲያፋጭ ኤልናታንን ያያል። አንድ ቀን የደንበኛ ጮማ አቀጥኖ ቆርጦ የምግብ ቤቱ ባለቤት ተቆጣው። የባሰው ችግር ግን ሌላ ነበር፦ ኤልናታን የሚመጣው ረቡዕ ነው። ሚስቱን ሊጠብቅ ከፈለገ ረቡዕን ቤት መዋል አለበት። ረቡዕን ቤት ከዋለ ደግሞ ጥሩሰው ታኮርፋለች። እንዲያውም አንዱን ረቡዕ ቢቀርባት «ለእኔ ልጅ ጊዜ የለህም፤ ለወንድ ልጅህ ግን ክትባት አለ፣ ዶክተር ቤት ድረስ ይመጣል!» ብላ በሩን በፊቱ ዘጋችበት። እሷም በበኩሏ በጌጤ ትቀና ነበር። በእሱ ምክንያት ሁለት ሰፈር በቅናት ይቃጠላል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በመጨረሻ የጌጤ ነገር በለጠበት። አንድ ረቡዕ ነጠላውን አጣፍቶ ወጣ፣ የሕንፃውን ጥግ አልፎ ቆመ፣ ጥቂት ጠበቀና ተመለሰ። «ራሴን አመመኝ፤ ቅዳሴው ይቅርብኝ» ብሎ በሩን በድንገት ከፈተ።

ኤልናታን ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ወጣት ነው፣ ረጅም ነው፣ እጁ የሴት እጅ ይመስላል። ትንሣኤ ትከሻው ላይ ወጥቶ ጆሮውን ይጎትታል። ጌጤ ፊት ለፊቱ ሶፋው ላይ ናት፤ መሐላቸው ሁለት ሰው ያስቀምጣል። ነውር የሚባል ነገር አልነበረም። ባንታየሁ ግን የቀናው በዚያው ነው፤ ነውሩን ቢያገኝ ይቀለው ነበር። ትንሣኤ የአባቱን ጆሮ እንዲህ ጎትቶ አያውቅም።

«ጋሽ ባንታየሁ!» አለ ኤልናታን ዘሎ ተነሥቶ። እዚሁ ናይሮቢ ያደገ ነው፤ አማርኛው ከስዋሂሊና ከእንግሊዝኛ ጋር ተደባልቋል። «ካሪቡ፣ ይግቡ፣ ማለቴ... ቤትዎ ነው ለካ። ፖሌ፣ ይቅርታ።»

«ቤቴ መሆኑን አንተ ነህ የምትነግረኝ?» አለ ባንታየሁ። «ምን ትሠራለህ እዚህ? በግልጽ ንገረኝ። በየወሩ የሰው ሚስት አፍንጫ ውስጥ የሚፈለገው ምንድን ነው?»

ጌጤ በሀፍረት መሬት መሬት አየች። ኤልናታን ግን አልተቆጣም፤ ቁጭ ብሎ አስረዳው። ጤነኛ ሰው አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ባክቴሪያ አለ አለው። ብዙውን ጊዜ የያዘውን ሰው አያሳምመውም። አንዳንዴ ግን በተለይ ሕፃን ሲያገኝ ሳንባ ውስጥ ይገባና ምች ይሆናል፣ ደም ውስጥ ይገባል፣ ማጅራት ገትር ይሆናል። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ክትባቱ የሚያውቀው ከመካከላቸው ክፉ ክፉዎቹን ነው።

«የተከተበ ልጅ እነሱን አፍንጫው ውስጥ ማኖር ይተዋል፤ ሁሉም አይደለም፣ አብዛኛው። ካላኖረ ለሌላ አይሰጥም። ስለዚህ ልጁ ሲከተብ ያልተከተበችው እናቱም ትጠበቃለች። እኛ የምናየው እሱን ነው። ማን ከማን እንደያዘ፣ አክችዋሊ።»

«ማን ከማን እንደያዘ?» አለ ባንታየሁ።

«አዎ። የሚተላለፈው በቅርብ በሚተነፋፈሱ ሰዎች ነው። በሚተቃቀፉ፣ በሚጎራረሱ።»

«ክፉው ሲወጣስ ቦታው ምን ይሆናል?»

«ቦታው ባዶ አይቀርም ጋሼ። ሌላ ዓይነት ይገባበታል።»

ኤልናታን ስለ አፍንጫ ነበር የሚያወራው። ባንታየሁ የሰማው ግን ስለ ረቡዕ ነው። እሱ በለቀቀው ቦታ ሌላ ሰው ገብቶበታል። ወዲያውም አንድ ሐሳብ ብልጭ አለለት፣ ሐሳቡም እጅግ ብልህ መስሎ ታየው። ማን ከማን እንደተቃቀፈ፣ ማን ማንን እንዳጎረሰ ጥጡ የሚያወጣው ከሆነ፣ ለምን ጥጡን ራሱን አይጠይቀውም?

«መልካም» አለ ደረቱን ነፍቶ። «የጌጤን ወስደሃል፣ የልጁን ወስደሃል። የእኔንም ውሰድ። የአንተንም ውሰድ!»

«የእኔን? ላቦራቶሪ ውስጥ ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ። የምትፈራው ነገር አለህ?»

ጌጤ ጥርጣሬው ያን ጊዜ ገባት። ፊቷ ደም መሰለ። «ባንታየሁ፣ በእግዚአብሔር» አለች። እሱ ግን አፍንጫውን ወደ ላይ አንጋጦ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዘንጉ ሲገባበት እንባው መጣ፣ ቢሆንም አላቃሰተም፤ ፍርድ ቤት ቃል እንደሰጠ ሰው ሆኖ ተነሣ። ኤልናታንም እየሳቀ የራሱን ወሰደ። የባሕርይ ነገር ሆኖ ለሰው እምቢ ማለት አያውቅም።

ኤልናታን ከወጣ በኋላ ጌጤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረችው። «ለምን እንደምስቅ ልንገርህ?» አለች። «እንዴት ነሽ ብሎ ይጠይቀኛል፤ ከዚያ መልሴን ይጠብቃል። ሌላ ነገር የለም።» ባንታየሁ ይህን ሲሰማ ቅናቱ ባሰ እንጂ አልቀነሰም፤ ነገሩ ሽቶ ብቻ ቢሆን ይሻለው ነበር።

ውጤቱ እስኪመጣ ያለው ጊዜ አላልቅ አለው። በዚህ መሐል አንድ ዓርብ ኢስሊ ሄደ፤ ጥሩሰው ኩርፊያዋን ትታ ከፈተችለት። ምርቃት ስታስል አገኛት። ሳሏ ትንሽ ነው፣ ቢሆንም እንደ ሌላው ጊዜ ዘላ አልመጣችም፤ ጭኑ ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። «ጉንፋን ነው» አለች ጥሩሰው። እሱም ጉንፋን ነው አለ። ሐሳቡ ፓርክላንድስ ነበር።

በተከታዩ ረቡዕ ኤልናታን ውጤቱን ይዞ መጣ። ባንታየሁ ዛሬስ ነጠላም አላነሣ፤ ሶፋው መሐል ላይ ሰፍቶ ተቀምጦ ነው የጠበቀው። ጌጤ ትንሣኤን ታቅፋ በመስኮቱ በኩል ቆማለች። ኤልናታን ገብቶ ጫማውን አወለቀ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ የእርስዎን ለብቻዎ ብነግርዎት ይሻላል። ሕጉም እንደሱ ነው።»

«የምን ለብቻ! እኔ የምደብቀው የለኝም። ሚስቴ ፊት ተናገር። በመጀመሪያ ግን የአንተን።»

«የእኔ ምንም አልተገኘበትም።»

«የእሷስ?»

«የእትዬ ጌጤም ምንም። ትንሣኤ ላይ አንድ ዓይነት አለ፤ ክትባቱ ውስጥ ያልተካተተ ነው፣ ያ ስለ ቦታው ያልኩዎት። አሁን ደኅና ስለሆነ አያሳስብም።»

ባንታየሁ ተነፈሰ። ለወራት እንዲህ ደረቱ ቀልሎት አያውቅም። ጌጤና ይህ ልጅ አንድ ነገር እንኳ አልተጋሩም! ሊያቅፋት ምንም አልቀረው። ደስታው ግን የራሱን ውጤት እንዳይጠይቅ አልከለከለውም፤ እንዲያውም በደስታ ጠየቀ።

«የእኔስ? እኔስ ከማን ያዝኩ?»

ኤልናታን አመነታ። «የእርስዎ... የእርስዎ ከክፉዎቹ ነው። ክትባቱ ከሚያውቃቸው። ትንሣኤ ከተከተበ ወዲህ እዚህ ቤት አይተነው አናውቅም፤ ልጁም እናቱም ላይ የለም። ከየትም ሊይዝዎት ይችላል፣ ከማታቱ፣ ከሥራ ቦታ። አዋቂ ሰው ግን በብዛት የሚይዘው ካልተከተበ ትንሽ ልጅ ነው፤ አቅፎ፣ ተጎራርሶ። ለእርስዎ አልፈራም፣ ጤነኛ ነዎት። የምፈራው ለዚያ ልጅ ነው። የሚያቅፉት ያልተከተበ ሕፃን ካለ፣ ማሳል ከጀመረ፣ ማተኮስ ከጀመረ፣ ሐኪም ቤት ቶሎ መድረስ አለበት። በዚህ የሞቱ አይቻለሁ።»

እዚህ ላይ ብልህ ሰው ቢሆን «ምግብ ቤት ስንቱ ሕፃን ይመጣል» ብሎ ያልፈው ነበር። መንገዱ ሰፊ ነበር፤ ኤልናታን ራሱ ከፍቶለታል። ባንታየሁ ግን ያን ሰዓት የሚያየው ጭኑ ላይ አንገቷን የደፋችውን ልጅ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምርቃት» አለ። «ምርቃት ዓርብ ስታስል ነበር።»

ትንሣኤ የእናቱን ጸጉር እየጎተተ ይስቃል።

«ምርቃት ማናት?» አለች ጌጤ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ባንታየሁ ጌጤን አየ፣ ኤልናታንን አየ፤ ውሸት ፈለገ፣ አጣ። ልጅቷ ታማ ይሆናል፤ ከዚህ የበለጠ የሚያስበው ነገር አልነበረውም።

«ልጄ ናት» አለ። «ኢስሊ። ከ... ከአንዲት ሴት።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሁለት ሞልቷታል።»

ጌጤ ትንሣኤን አየችው፤ ትንሣኤ ገና ሁለት አልደፈነም። እሷ እሱን አርግዛ ቤት ስትውል ባሏ ቅዳሴ የሄደባቸውን ረቡዕና ዓርብ እያንዳንዱን አስባ ጨረሰች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ወደ ኤልናታን ዞረች።

«ሁለት ዓመት የሞላት ልጅ ይህን ክትባት ትወስዳለች?»

«ትወስዳለች እትዬ» አለ ኤልናታን፤ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ ነበር። «ግን ካሳላት በመጀመሪያ ዛሬውኑ ሐኪም ይያት።»

«እንግዲያው አድራሻውን ጻፍ። እሱ ይነግርሃል።»

ባንታየሁም ተናገረ። ጌጤ ፊት፣ ጮክ ብሎ፤ ኢስሊ የትኛው መንገድ፣ ከየትኛው ሱቅ ጀርባ፣ ስንተኛ ፎቅ፣ የቱ በር። አንድም ቦታ አልተሳሳተም። ጌጤ በሙሉ ሰማችው።

ኤልናታን ጻፈና በየዋህነቱ ጠየቀ፤ «እናትየዋ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት? ቀን ቀን ቤት አሉ?»

እመኑኝ፣ ባንታየሁ በዚያ ሰዓት፣ ቤቱ እየፈረሰ፣ ልጁ ታማ፣ ቀና። «እሱ አንተን ምን አገባህ!» ብሎ ከሶፋው ተነሣ። ይህ ረጅም፣ ሽቶ የሚቀባ ልጅ ጥሩሰው በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ታይቶታል።

ጌጤ ወደ እሱ ዞረች።

«ስትቀናብኝ የምትወደኝ ይመስለኝ ነበር» አለች። «ሰዎች ሲያዝኑልኝ እኔ በልቤ እኮራብህ ነበር።»

ትንሣኤን ከክንዷ አውርዳ ለባንታየሁ ሰጠችው። ነጠላዋን አነሣች።

«ኤልናታን ብቻውን አይሄድም» አለች። «ሴትየዋ የማታውቀው ሰው ቢመጣባት ትደነግጣለች፤ ልጅቷንም ሐኪም ቤት የሚያደርስ ይፈለጋል። እኔ አብሬው እሄዳለሁ። አንተ ልጅህን ያዝ።»

ባንታየሁ መስኮቱ ጋ ቆመ። ሚስቱና ኤልናታን ጎን ለጎን መንገዱን ተሻግረው ማታቱው ወደሚቆምበት ሄዱ። ትንሣኤ የአባቱን ጆሮ አልነካም፤ ወደ በሩ እጁን ዘርግቶ ያለቅሳል። ማታቱው መጣ፣ ወያላው በሩን ከፈተ፣ ጌጤ ገባች፣ ኤልናታንም ተከትሏት ከጎኗ ተቀመጠ። ባንታየሁ «አብራችሁ አትሂዱ» የሚልበት አፍ አልነበረውም።